ቤቶች የተባለችው እናቴ

እናቴ ደወል አትጫንም። ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ጀምሮ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ እዚህ አገር ሰው ቤት ሲኬድ አስቀድሞ ይደወላል፣ ያ ቢቀር በሩ ላይ ያለችው ደወል ትጫናለች ብዬ። እሷ ግን ደወል መጫን ሰው ላይ ጣት እንደመቀሰር ነው የሚሆንባት። አጥር ጋ ቆም ትልና ነጠላዋን አስተካክላ «ቤቶች!» ትላለች። ከውስጥ «ማነው? ይግቡ» የሚል ካልመጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች። አሜሪካም ሆነ አዲስ አበባ ለእሷ ለውጥ የለውም።

ጎረቤታችን ከጓንግዡ የመጡ ቻይናዊት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ አንድ ወንድ ልጃቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ሾርላይን ስለሚኖር እሁድ እሁድ ብቅ ይላል። እናቴ በመጣች በሳምንቱ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ መሆኑ ነው፣ በወጥ ቤቴ መስኮት የሴትየዋን ጓሮ አፍጥጣ ስታይ ቆየችና «ጎመን ነው እንዴ?» አለች። የቻይና ጎመን ነው አልኳት። ጎመን ጎመን ነው፣ የምን ቻይና ብላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። አጥሩ ጋ ደርሳ እንደ ልማዷ «ቤቶች!» አለች። ሴትየዋ ከነጓንታቸው ብቅ አሉና ፈገግ ብለው «ሴክ ጆ ፋን ሜይ አ?» አሏት። እኔ በመስኮት ሆኜ እሰማለሁ። እናቴ አንድ እቅፍ ጎመን ይዛ ተመለሰችና ስሟን ነገረችኝ፣ ሴጆፋን ትባላለች አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት «ሴጆፋን!» እያለች ትጣራለች፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ «ቤቶ!» የሚል መልስ ይመጣል። የቃሉን መጨረሻ ማውጣት አይሆንላቸውም። እናቴ በአማርኛ፣ እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ፣ አንዳቸው የሌላቸውን አንድ ቃል ሳይሰሙ አጥር ተደግፈው ሲያወሩ ሰዓቱ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ እናቴን ያሳስባት ነበር። «ስሟን በጠራኋት ቁጥር ሆዷን ዳሰስ ዳሰስ ታደርጋለች፣ ጨጓራ ሳይኖርባት አይቀርም፣ ልጇም ዝም ብሏታል» ትለኛለች። ተልባ እየወቀጠች በጠርሙስ ትልክላቸው ጀመር። እሳቸውም ግራ እንደተጋቡ፣ ግን በአክብሮት፣ ይጠጡት ነበር።

አንድ እሁድ ልጃቸው አጥሩ ጋ አገኘኝና የእናትሽ ስም ቤቶ ነው አይደል ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ቃሉ ስም እንዳልሆነ፣ የቤቱ ሰዎች አላችሁ ወይ እንደማለት መሆኑን ነገርኩት። እሱም ስቆ ለእናቱ ሊያስረዳ ዞር ሲል፣ እናቴ ነገሩ ከሁኔታችን ገብቷት ከኋላዬ ያዘችኝ።

«ተይው፣ እንዳይነግራት» አለች። «እዚህ አገር ከመጣሁ ሐኪም ቤት የሚጠሩኝ እንኳ ስሜን አጣመው ነው። እሷ ወዳ ስም ካወጣችልኝ ቤቶች ልባል።»

ስለዚህ ሳይነገራቸው ቀረ። ልጅየው ሲሰናበተኝ እናትሽ የእኛን ቋንቋ እየለመዱ መሆናቸው ደስ ይላል አለኝ። የጨዋ ወግ መሰለኝና አመስግኜው ገባሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ጎረቤታችን ጓንግዡ ለቀሩት ታላቅ እህታቸው ይደውላሉ። እህትየው አላገቡም፤ ሁለቱ ተወልደው ባደጉበት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ስልኩ ላይ የሚጮኹት ጩኸት፣ የሚስቁት ሳቅ የእኛ ሳሎን ድረስ ይሰማል። በወሬያቸው መሀል በየደቂቃው «ቤቶ» የሚል ይገባበታል። እናቴ ሻይዋን ፉት እያለች «እያማችኝ ነው» ትላለች። በሰው መታማት ያን ያህል ደስ ያላት ሰው አይቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሲታክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ቤት ስለምሠራ ከንጋት በፊት ወጥቼ ደክሞኝ ነው የምመለሰው፤ ልጆቼ አያታቸው በአማርኛ ስትጠይቃቸው በእንግሊዝኛ መልሰው ክፍላቸው ይገባሉ። ያቺ አጥር ባትኖር እናቴ በዝምታ ታልቅብኝ ነበር።

እንዲህ እንዳለን ዓመታት ሄዱ። ባቡሩ በሰፈራችን ማለፍ ጀመረ፤ ከፊት ለፊታችን የነበሩት ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ፈርሰው ጎዳናው ላይ የአዳዲስ አፓርታማ ሥዕሎች ተሰቀሉ። ከዚያ በፈረንጆቹ ጸደይ አንድ ቅዳሜ፣ ከጎረቤት የሚሰማው ሳቅ ቀረ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልተሰማም። እህትየው የቤት ስልክ እንጂ ሞባይል አልነበራቸውም፤ ያም ቁጥር አይሠራም የሚል መልስ መስጠት ጀመረ። ጎረቤታችን ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስልኩ አጠገብ ቁጭ ይላሉ። ጎመኑን ውሃ ማጠጣት ተዉ። እናቴ አጥሩን ዞራ እየሄደች ታጠጣላቸው ጀመር፤ ስትጣራም ሆዳቸውን መዳሰስ ትተው ጭንቅላታቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

ልጃቸውን አናገርኩት። የእህትየውን ሰፈር ሊያድሱት ነዋሪውን አስወጥተዋል፣ እሳቸውን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ወዴት እንደተበተኑ አይታወቅም አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አክስቴ የሞቱ ይመስለኛል፣ ግን ለእናቴ ይህን የምናገርበት አፍ የለኝም አለ። እናቱ ልባቸው ስለሚያስቸግራቸው ያን ያህል መንገድ በአውሮፕላን መሄድ አይችሉም። ለምን አንተ አትሄድም ስለው ጫማውን እያየ የማገኘውን ስለምፈራ ነው አለኝ። ልወቅሰው አስቤ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

እኔ ደግሞ ጓንግዡ መሄዴ አይቀርም ነበር። ታናሽ ወንድሜ እዚያ እየኖረ አምፖልና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ እየገዛ ወደ አዲስ አበባ በኮንቴይነር ይልካል፤ ዘንድሮ በክረምቱ ዕረፍቴን አንተ ጋ ነው ብዬው ቲኬት ከቆረጥኩ ሰንብቻለሁ። እናቴ ይህን ስታስብ አድራ ጠዋት ቁርስ ላይ ትእዛዟን ሰጠችኝ።

«ሄደሽ በዓይንሽ እይልኝ» አለች። «ሞታም ከሆነ ቁርጧን ትወቅና አብሬያት ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ስልክ ላይ አፍጥጣ እንዲህ ስትመነምን ግን ማየት አልችልም።»

ልጅየው አድራሻውን ስልኬ ላይ ላከልኝ። ጎረቤታችን ደግሞ አድራሻ አላመኑም፤ እጄን ይዘው ጓሮ ወሰዱኝና ባቄላ ያወጡበትን የቀርከሃ ርብራብ ወደ ጎን እየገፉ፣ እየመለሱ ያሳዩኝ ጀመር። ልጃቸው ተረጎመልኝ። የቤታቸው በር ወፍራም ክብ እንጨቶች በአግድም የተደረደሩበት ነው፣ እንደ መጋረጃ ወደ ጎን ይንሸራተታል። በሙቀት ወራት ዋናው ሳንቃ ይከፈትና እንጨቱ ብቻ ይዘጋል፤ ነፋስ ይገባል፣ ሌባ አይገባም። ያን በር ፈልጊ፣ እህቴ ከኋላው ናት አሉኝ።

ጓንግዡ በክረምት ሰው እንፋሎት ውስጥ የገባ ያህል ነው። በደረስኩ በማግስቱ ጠዋት ወንድሜን ይዤው ወጣሁ። መንገድ ላይ ሲያጉረመርም ነው የሄደው፤ ያ ሰፈር ፎቶ መነሻ ሆኗል፣ ሰው አይኖርበትም እያለ። እኔም ለክፉው ተዘጋጅቼ ነበር። ሰፈር አድሰናል ሲባል ከሰማሁ መጀመሪያ የምጠይቀው ማንን አስወጥተው የሚለውን ነው፤ ሬኒየር ቫሊ አስተምሮኛል።

ስንደርስ ግን መናደድ አቃተኝ። ጠባብ መንገዶች ሰፋፊ ድንጋይ ተነጥፎባቸው፣ ግራጫ የጡብ ግድግዳዎች ታጥበው፣ ከላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ጥለውበታል። ከጎን ትንሽ ቦይ ይፈሳል። ሙሽሮች ቬሎአቸውን ሰብስበው ፎቶ ይነሳሉ፤ ድልድዩ አጠገብ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አንዱ ማሲንቆ የሚመስል ነገር ይገዘግዛል፣ አንዲት አሮጊት ዓይኗን ጨፍና ትዘፍናለች። አንድ ሰው ጥቁር መራራ ሻይ በኩባያ ይሸጣል። ቡና ቤቱም፣ የልብስ መደብሩም ገና ቀለሙ አልደረቀም። ያማረ ነበር፤ ማማሩ ትንሽ አበሳጨኝ።

የባሰው ግን በሩ ነው። የተሰጠኝ ምልክት አግዳሚ እንጨት ያለው በር አይደል? ሰፈሩን ያደሱት ሰዎች ለካ ያንን በር በጣም ወደውታል። ቡና ቤቱ አለው፤ የሽቶ መደብሩ አለው፤ ሽንት ቤቱ ሳይቀር አለው። ሁሉም ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። አድራሻው ላይ ያለውን ቁጥር ብንፈልግ የቤቶቹ ቁጥር ተቀይሯል። ወንድሜን ጠይቅልኝ አልኩት። እሱ ቻይንኛ ቢያውቅ የገበያውን ነው፤ ስንት ነው፣ በጣም ውድ ነው፣ ሌላ ቀለም የለህም ወይ። ያችን ይዞ አንዱን ጥበቃ ስለ በሩና ስለ አሮጊት ሴት ሲጠይቀው፣ ጥበቃው እጁን እያወናጨፈ ከበሩ ገፋ አደረገን። በሩን ሊገዛ ነው ብሎ ጠርጥሮት ነው መሰለኝ።

ዞርን፣ ዞርን፣ ወንድሜ ራበኝ ማለት ጀመረ። እኔም በሆዴ ልጅየው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም፣ እናቴን ምን ልላት ነው እያልኩ ነው። ፊቷን አሰብኩት፣ ከዚያ ስልኩ አጠገብ የተቀመጡትን ሴትዮ አሰብኩ። ወደ ዋናው ጎዳና ለመውጣት በመጨረሻው መታጠፊያ ስንገባ ድንጋዩ ማማሩን አቆመ። እድሳቱ ያልነካው፣ ወይም ትንሽ ነካ አድርጎ የተወው አንድ ቤት ነበር። በቀርከሃ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ደፉ አጠገብ በተሰነጠቀ የማስታጠቢያ ሳህን ውስጥ ጎመን በቅሏል፤ ያው በወጥ ቤቴ መስኮት ስንት ዓመት ያየሁት ጎመን። በሩ አግዳሚ እንጨት ነው፤ ቫርኒሽ የለውም፣ እጅ የነካው ቦታ ብቻ ጠቁሮ ወዝቷል።

ደወል ፈለግሁ፣ የለም። እንጨቱን ማንኳኳት አልሆነልኝም፤ በክፍተቱ ውስጥ የሰው ሳሎን እየታየ እንዴት ይንኳኳል? ሳላስበው ሻርፔን አስተካከልኩና እንደ እናቴ አደረግሁት።

«ቤቶች!»

ወንድሜ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እንዴ፣ ሰፈራችን መሰለሽ አለኝ። እኔም አፈርኩ፤ ግን መልስ ስላልመጣ ደገምኩት።

ከውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። አንድ ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ አሮጊት በእንጨቶቹ መሀል ፊታቸውን አስጠጉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ፀጉሬን አዩ፣ መልኬን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን በክፍተቱ አውጥተው ደረቴን ነካ አደረጉና በጣም ቀስ ብለው «ቤቶ?» አሉ።

ክው ብዬ ቀረሁ። የበሩን እንጨት ያዝኩ። «ሲያትል» አልኳቸው። አሮጊቷ በሩን ወደ ጎን ገፉት፤ ጎረቤታችን ጓሮ ውስጥ እንዳሳዩኝ አድርገው። አንጓዬን ጨብጠው ወደ ውስጥ ጎተቱኝ።

ከዚያ ወዲያ የሚናገሩት እንደ ጎርፍ ሆነ። ወንድሜ ቢሞክርም እሳቸው የሚናገሩት የአገሬውን ካንቶንኛ ስለሆነ የገበያ ቻይንኛው ምንም አልፈየደለትም። ጩኸቱን ሰምታ ከጎን ካለው ቡና ቤት አንዲት ወጣት ሽርጧን እንዳደረገች መጣች፤ እንግሊዝኛ ትችላለች። እሷ ናት ያስረዳችኝ።

አሮጊቷ ከሰፈሩ አልወጡም። ቤቱን አንለቅም ካሉት ጥቂቶች አንዷ ናቸው። ሠራተኞቹ ጣራውን ጠገኑላቸው፣ ውሃውን ወደ ውስጥ አስገቡላቸው፣ የመንገዱን ሽቦ ሲቀይሩ ግን የስልኩ ቁጥር አብሮ ተቀየረ። የሲያትሉ ቁጥር ደግሞ የተጻፈው ስልኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ሰዎቹ ሊያስደስቷቸው ብለው ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀብተው ሄዱ። ቦታውን አሳዩኝ። እዚያች ላይ ቀለሙ ተፍቋል፤ በጥፍራቸው ፍቀው ፍቀው ቁጥሩን ሊያወጡት ሞክረዋል። ከዚያ ጀምሮ እህታቸው ስልክ ስላጣች መምጣቷ አይቀርም ብለው ቀኑን ሙሉ ከእንጨቱ በስተኋላ ቁጭ ብለው መንገዱን ነው የሚያዩት። መምጣቷ ሲዘገይ ሞታለች ብለው መፍራት ጀምረው ነበር። እህታቸው አሜሪካ ቤቶ የምትባል ጓደኛ እንዳላት፣ ቤቶ ዘይት የመሰለ የዱቄት መጠጥ እንደምታጠጣት ሁልጊዜ ትነግራቸው ነበር ብላ ተረጎመችልኝ ልጅቷ። አንቺ ግን ካሰቡት በላይ ልጅ ሆንሽባቸው አለችኝ።

ቤቶ እናቴ ናት አልኳት። ለመሳቅ አፌን ከፍቼ ነው ልቅሶ የመጣብኝ።

ይህን እየተነጋገርን በመንገዱ ያለፈ አንድ ፍሬ ሻጭ ቅርጫቱን እንደያዘ ወደ በሩ ጎንበስ ብሎ ለአሮጊቷ «ሴክ ጆ ፋን ሜይ አ?» አላቸው። አሮጊቷም ሆዳቸውን ዳሰስ አድርገው መለሱለት።

ይሄ ሰውዬ የእህታቸውን ስም ከየት አወቀው ብዬ ልጅቷን ጠየቅኋት። የትኛውን ስም አለችኝ። ደገምኩላት። ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ስም አይደለም፣ ሩዝ በላሽ ወይ ማለት ነው፣ የድሮ ሰዎች ሰላምታቸው እሱ ነው አለችኝ።

መጀመሪያ የታየኝ ተልባው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እናቴ በጠዋት አጥር ላይ ቆማ በላሽ ወይ እያለች ስትጮህ፣ እሳቸው ጠግቤያለሁ ብለው ሆዳቸውን ሲያሳዩ፣ እኛ ጨጓራ ነው ብለን ተልባ ስንወቅጥ። የልጅየውም ነገር ያኔ ገባኝ፤ እናቴ ቋንቋ እየለመደች መስሎት ነበር። ለወንድሜ ስነግረው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። አሮጊቷም ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ፤ ልጅቷ ከቡና ቤቷ ለሁላችንም ቀዝቃዛ ሻይ አመጣች። ቡና ቤቱ ባዶ ሲሆን እየመጣች ከአሮጊቷ ጋር ምሳ እንደምትበላ ነገረችኝ። ድሮ ጎረቤቶቻቸው የነበሩት አብዛኞቹ ሄደዋል፤ እሱ እንደሚያማቸው አልደበቁም። ግን ጣራዬ አያፈስም፣ መንገዴም ሰው አያጣም ብለዋል። እኔ ሰፈሩ ሞቷል ብዬ ለመመለስ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ሻዩን እየጠጣሁ ሐሳቤን ቀየርኩ።

ጓንግዡ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ሲያትል የትናንቱ ምሽት ነው፤ የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ስለሆነ ፀሐይ ገና አትጠልቅም። በወንድሜ ስልክ ቤት ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እናቴ አነሳችው። «አገኘሻት?» ነው የመጀመሪያ ቃሏ፤ ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላለችኝም። አለች እማዬ፣ አጠገቤ ናት አልኳት። ከዚያ ጫማዋ ሲንሿሿ፣ በሩ ሲከፈት ሰማን። ስልኩን ይዛ ወደ አጥሩ እየሄደች ነበር።

«ቤቶች!» ብላ ተጣራች።

አሮጊቷ ስልኩን አፍጥጠው አዩት፣ ከዚያ እኔን። ይቺኛዋ ቤቶ ናት አልኳቸው በጣቴ እያሳየሁ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከወዲያ በኩል የጎረቤታችን ድምፅ መጣ፣ የደከመ፣ ምን ፈልገሽ ነው የሚል ዓይነት። እናቴ ያዢው፣ ያዢው ስትላቸው ይሰማል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኮሻኮሸ።

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። እንደ ማንኛውም ቅዳሜ በተለመደው ድምፅ ተናገሩ።

«ሴክ ጆ ፋን ሜይ አ?»

ከዚያ ጎረቤታችን አለቀሱ፣ እያለቀሱም አንድ አጭር ቃል፣ በላሁ የሚሉ መሰለኝ፣ ደጋግመው መለሱ፤ እህትየውም ከዚህ በኩል ያንኑ ጥያቄ መልሰው መልሰው ይጠይቋቸዋል።

ከኋላ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ እሷም እያለቀሰች ነው።

«ሰማሽ ልጄ? ስሟን ጠራቻት እኮ። እህቷ ናት፣ በስሟ ጠራቻት።»

ወንድሜ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት።

«ሰማሁ እማዬ» አልኳት።